ሦስት ንጉሥ

«ተራው ያንቺ ነው» አለ አባቷ፣ ቆርኪዎቹን በጣቱ እያንኳኳ። ትንሳኤ ካርታዋን ገለጥ አድርጋ አየችና ትንፋሿን ዋጠች። ሦስት ንጉሥ!

ክርክርን በፖከር መፍታት የቤቱ ደንብ ነው፤ በብር ሳይሆን በለስላሳ ቆርኪ። ዛሬ ትንሳኤ ካሸነፈች ክረምቱን ደብረ ብርሃን፣ አክስቷ ገላነሽ ጋ ታሳልፋለች። አባቷ ካሸነፈ እዚሁ መቀሌ ትቀራለች። ይህ የመጨረሻው ዙር ነው፤ በቆርኪ ደግሞ እሱ ትንሽ ይበልጣታል። እንድታሸንፍ ያስያዘችውን ያህል እሱም ማስያዝ አለበት። ፈርቶ ካርታውን ከጣለ መሃል ያለው ብቻ አይበቃትም።

ስንት ማስያዝ እንዳለባት ያስተማራት ራሱ ነው። «ጥሩ ካርታ ሲደርስሽ ትንሽ አስይዢ፣ ሰውዬው ይከተልሻል። ከቆለልሽበት ደንግጦ ይጥላል።» ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ስለሚያስተምር ለቆርኪም ሌክቸር አያጣም።

እንግዲያው ጥቂት ቆርኪ ይበቃል። እጇን ስትዘረጋ ከአባቷ ወንበር ሥር አንድ ፌስታል አየች። ውስጡ አዲስ ሹራብ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው አባዬ?»

«እ...» አባቷ መነጽሩን አወለቀና መልሶ አደረገ። «ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ምናልባት ካሸነፍሽ ብዬ...»

እናቷ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት የሚኖሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጥላው ልትሄድ ትችላለች፣ እሱ ግን ሹራብ ገዛላት! በጣም ወደደችው፤ ትንሽም ተናደደችበት። አትሂጂ ብሎ ቢለምናት ይቀላት ነበር።

ያላትን ቆርኪ በሁለት እጇ ሰብስባ ሙሉውን ወደ መሃል ገፋችው።

«ዋይ ጓለይ፣ ዋይ ልጄ!» አሉ ከኋላዋ ሆነው ካርታዋን ሲያዩ የነበሩት አከራያቸው፣ አደይ ለተኪዳን።

አባቷ ቁልሉን አየ፣ እሷን አየ፣ ካርታውን ጣለ። «አስፈራራሽኝ! ግን አሁንም በቆርኪ እበልጥሻለሁ፤ አሸነፍኩ ማለት ነው። ምን ይዘሽ ነው?»

«ባዶ ነበርኩ። ፎግሬህ ነው።» ሦስቱን ንጉሦች ከቀሩት ካርታዎች ጋር ደባለቀቻቸው።

«በባዶ ይህን ሁሉ? እኔ እንደዚህ ነው ያስተማርኩሽ?»

ትንሳኤ ወደ አደይ ለተኪዳን ዞረች። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ባዶ ነበረች፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ፣ ሳቃቸውን እየዋጡ።

አባቷ ፌስታሉን በእግሩ ወደ ኋላ ሊገፋው ሲል ቀድማ አነሳችው። ሹራቡን አወጣችና ለበሰችው። እጅጌው ይረዝማታል።

«መቀሌም እኮ ክረምት ላይ ይበርዳል» አለችና ካርታውን ማደል ጀመረች።