ነይና አጥፊልኝ

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ታናሺቱ፣ መርማሪዋ ገና ከበሩ ሳታልፍ።

መርማሪዋ በሥራዋ ብዙ አይታለች፤ እንዲህ ያለ አቀባበል ግን አልለመደችም። ወፈር ያለች፣ ፀጉሯ ገብስማ የሆነ ሴት ናት። ጫማዋ ስለሚጠባት በሄደችበት ቤት ሁሉ ከተቀመጠች ታወልቀዋለች። አሁንም ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀችና፣ «በምንድን ነው የገደልሻቸው?» ብላ ጠየቀቻት።

«በስንፍናዬ።»

ነገሩ ወዲህ ነው። የሞተው አባቷ ዕድሜውን በሙሉ በማተሚያ ቤት አራሚነት ያሳለፈ ሰው ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጋዜጣውን በኮምፒውተር ማንበብ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ይሰየምና የጋዜጠኞቹን ስሕተት ለብቻው እየጮኸ ያርማል። ሥራ መፍታት የማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ችግሩ ማስታወቂያው ነበር። አንድ አንቀጽ ሳይጨርስ ፊቱ ላይ ብቅ ይላል፤ አንዱን ሲዘጋው ሌላው ይተካል፤ የመዝጊያው ምልክት ደግሞ ሆነ ተብሎ ከሰው ዓይን የተደበቀ ነው የሚመስለው።

ታናሺቱ የአንድ ባንክ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ማስታወቂያ የሚያግድ ፕሮግራም መጫን ለሷ የአፍታ ሥራ ነው። አባቷም በየሳምንቱ ይደውልላታል። «ልጄ፣ እነዚህ ነገሮች ፊቴ ላይ እየዘለሉ አላስነብብ አሉኝ። ነይና አጥፊልኝ።» እሷም «ቅዳሜ እመጣለሁ አባዬ» ትለዋለች። ቅዳሜ ሲደርስ ወይ ሥራ ይደራረብባታል፣ ወይ ይደክማታል፣ ወይ ዝናብ ይሆናል። ዛሬ ነገ ስትል ወራት ነጎዱ።

ከዚያ አራሚው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። አጠገቡ ስም ያልተጻፈበት ቡናማ ብልቃጥ ነበር። የጉልበት ሕመም ያድናል የተባለ ጠብታ ነው። ላቦራቶሪ ሲታይ ሽማግሌው ራሱ የሚወስደው የልብ መድኃኒት ተፈጭቶ፣ ያውም በገፍ፣ ገብቶበታል። ሽማግሌው ከኢንተርኔት ማስታወቂያ ላይ አይቶ ያዘዘው ነው ተባለ። ከቀብር ሲመለሱ ታላቅ ወንድሟ ሰው እየሰማ፣ «አንቺ መጥተሽ አጥፍተሽለት ቢሆን አባቴ ዛሬ ይኖር ነበር» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

«ኮምፒውተሩን ከፍተሽ አይተሻል?» አለች መርማሪዋ።

«እጄ አልደፍር አለኝ።»

«እንግዲያው ሰዎቹን ሳነጋግር ከጎኔ ተቀመጪ። እኔ በዚህ ነገር መሃይም ነኝ፤ ያልገባኝን ታስረጂኛለሽ።»

መጀመሪያ የተጠራችው የአራሚው እህት ናት። የታናሺቱ አክስት መሆኗ ነው። ወጥ ቤቱም የውጭው በርም በሷ እጅ ነው፤ አፏም አያርፍም።

«ማስታወቂያውን አይተውታል?»

«እኔ? እኔ ኮምፒውተር አጠገብ ልደርስ? ዓይኔ እንዲጠፋ! ሲያማርር ግን ሰምቻለሁ። በየሳምንቱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ‹ዘለሉብኝ፣ ከለሉብኝ› ነው።»

«ስልካቸው ኢንተርኔት አለው?»

«ያቺ ቁልፏ የተፋቀ? እንኳን ኢንተርኔት፣ ድምፅ ከተሰማባትም ተመስገን ነው።»

«ብልቃጡን ማን አመጣላቸው?»

«እኔ አላየሁም። በር የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው የለም። ገበያ ሄጄ ሳለሁ መጥቶ እንደሁ እንጃ።»

«የልብ መድኃኒታቸውንስ ማን ይገዛላቸዋል?»

«ትልቁ ልጁ ነዋ! በቤቱ ጉዳይ ቢጣሉም መድኃኒቱን አላቋረጠበትም።»

«በቤቱ ጉዳይ?»

አክስቷ አፏን በእጇ ያዘች። ነገሩ ግን አንዴ ወጥቷል። «ያው… ቤቱ ዋናው መንገድ ዳር አይደል? ልጁ ይፍረስና ፎቅ ይሠራበት ይላል። ሸሪክ አግኝቶ ቃልም ገብቶለታል። ወንድሜ ደግሞ ‹እኔ ከዚህ የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው› አለ፤ አለቀ።»

ቀጥሎ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየው ወጣት ገባ። መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ገና ሳይቀመጥ አልቦታል።

«መድኃኒት ሻጭ ነህ አሉ።»

«አዎ። ሰው ሁሉ በጎሪጥ የሚያየኝም ለሱ ነው።»

«ማስታወቂያውን አይተሃል?»

ተከራዩ መሬት መሬት አየ። «በስልክ ሲያማርሩ… ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሃል ወይስ አይተሃል?»

«ሰምቻለሁ ነው ያልኩት።» ታናሺቱን ሰረቅ አድርጎ አያትና መልሶ አቀረቀረ። የሚናገረው ነገር ያለው ሰው መሆኑ ያስታውቃል። መርማሪዋ ለጊዜው አለፈችው።

በመጨረሻ ታላቅ ወንድሟ መጣ። የመኪና ጎማ ነጋዴ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ «ጎማው» ይለዋል። አፉን ሞልቶ የሚናገር፣ ደረቱን ነፍቶ የሚቀመጥ ሰው ነው።

«እኔማ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ!» አለ። «ባለፈው እሑድ አባዬ ጠርቶ አሳየኝ። ጋዜጣው መሐል ዱብ አለ፤ አረንጓዴ ነገር ነው፤ ‹ጉልበትዎ እንደ ወጣትነትዎ› ይላል። ‹ተው አባዬ፣ ይሄ የሌባ ሥራ ነው› ብለው አልሰማኝም።» ወደ እህቱ በአገጩ አመለከተ። «እሷ ናት ያስበላችው።»

የታናሺቱ እንባ ዱብ ዱብ አለ። እውነቱን ነው ብላ ታምናለች።

«እስቲ ስልክህን ለአፍታ አውሰኝ» አለች መርማሪዋ። «የኔ ባትሪው አልቋል። አባትህ የሚያነቡት ጋዜጣ ምን እንደሚመስል ልይ።»

ጎማው ኩራት ኩራት እያለው አዲሱን ስልኩን ሰጣት። መርማሪዋ የጋዜጣውን ገጽ ከፍታ ስክሪኑን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «አቤት ጣጣ! ጎማ… የመኪና ባትሪ… ባዶ ብልቃጥ በጅምላ… ደግሞ ጎማ… ኧረ ወሬው የቱ ጋ ነው?»

ጎማው እየሳቀ ስልኩን ተቀበላት። «ይኸው እንዲህ ነው አባዬን ያበሳጨው» አለ።

እሱ ሲወጣ መርማሪዋ ባዶ እግሯን ወደ ጠረጴዛው ሄደች። «ነይ፣ የፈራሽውን እንክፈት።»

ታናሺቱ የአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያንኑ ጋዜጣ ከፈተች። ርዕሱ መጣ፣ ፎቶው መጣ፣ ጽሑፉ መጣ። ከዚያ ሌላ ምንም አልመጣም። ወደ ታች ወረደች፤ ምንም የለም። ሌላ ገጽ ከፈተች፤ እሱም ንጹሕ ነው። ዓይኗ ከላይ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ምልክት ላይ አረፈ።

«ምን አየሽ?»

«ማስታወቂያ የሚያግደው ፕሮግራም… ተጭኗል።»

«መቼ?»

«ቆይቷል። ወራት አልፎታል።»

«መሐል ላይ ጠፍቶ ከሆነስ? ወይ ለዚህ ጋዜጣ ብቻ ተፈቅዶለት ከሆነ?»

ታናሺቱ አገላብጣ አየች። ሥራዋ ነውና እዚህ ላይ እጇ ፈጠነ። «ለማንም አልተፈቀደም። ያገደውን ሁሉ ቀን በቀን ይቆጥራል፤ አንድም ቀን አላረፈም። አባዬ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ማስታወቂያ ሊያይ አይችልም ነበር።»

ይህን ስትል ደረቷን ተጭኖ የከረመው ነገር ቀለል አላት። ቀለል ስላላት ደግሞ አፈረች። «ግን እኮ…» ብላ ጀመረች። መርማሪዋ አልሰማቻትም። አልቋል ያለችውን ስልኳን አውጥታ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ቆማ ለባልደረባዋ ቀስ ብላ ስታወራ ነበር። ባትሪው ሙሉ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። አክስቷ ሶፋው ላይ፣ ተከራዩ በሩ አጠገብ፣ ጎማው በእጁ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ። መርማሪዋ ጫማዋን እንዳወለቀች መሐላቸው ቆመች።

«ስለ ማስታወቂያው ሁላችሁም ነግራችሁኛል» አለች። «አክስትየዋ ሲያማርሩ ሰምተዋል። ተከራዩ ሰምቷል። ልጃቸውም በስልክ ሰምታለች። ያየው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«እኔ ነኝ» አለ ጎማው። «ማየት ነውር ነው?»

«የሌለ ነገር ማየት ነውር ነው። ያ ኮምፒውተር ማስታወቂያ ካሳየ ወራት አልፎታል። ታግዷል።»

ጎማው ሳቀ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። «ያን ዕለት ተበላሽቶ ይሆናላ!»

«አልተበላሸም፣ ጋሼ» አለች ታናሺቱ። ድምፅዋ ራሷንም አስደነገጣት። «እሑድም ሲሠራ ነው የዋለው።»

«ስለዚህ» ቀጠለች መርማሪዋ፣ «አባትህ አረንጓዴ ማስታወቂያ አላሳዩህም። ስልካቸውም ኢንተርኔት እንደሌለው አክስትህ ነግረውኛል። በሩን አንኳኩቶ ያደረሰ ሰውም አልታየም። ታዲያ ብልቃጡ ከየት መጣ? ለጉልበትዎ ይሆናል ብሎ በእጁ ከሰጣቸው፣ ከሚያምኑት ሰው። አንተ ሲያማርሩ ትሰማ ስለነበር ማስታወቂያው ዛሬም ያለ መስሎሃል። ጥፋቱን በሱና በእህትህ ላይ ለመጣል ተመቸህ። መድኃኒታቸውን የምትገዛው አንተ ነህ፤ ብዙ አድርጎ መግዛትና መፍጨት የሚያቅት ነገር አይደለም።»

«ይሄ ወሬ ነው! ማስረጃ አምጪ!»

መርማሪዋ ወደ ታናሺቱ ዞረች። «አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ዕቃ ሲፈልግ ማስታወቂያው ይከተለዋል ይባላል፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። የፈለጉት ነገር በከፈቱት ገጽ ሁሉ ለሳምንታት ይመጣል።»

«ጠዋት ስልኩ ላይ ጎማ መጣ፤ ይሁን፣ ሥራው ነው። የመኪና ባትሪም መጣ፤ ይሁን። ባዶ ብልቃጥ በጅምላ ግን ለጎማ ነጋዴ ምን ያደርግለታል? ይህን ብዬ ባልደረባዬን ወደ መጋዘንህ ላክሁት። ብልቃጥ ነጠላውን አይሸጡማ። የቀሩት ከጎማ ቁልሉ ጀርባ ተገኝተዋል፤ መፍጫውም ከነዱቄቱ።»

የመኪናው ቁልፍ ከጎማው እጅ ወደቀ። አላነሳውም። «ሸሪኩ አላስቀምጥ አለኝ» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ። «ፎቁ እኮ ለሁላችን ነበር። ለሷም ድርሻ አስቤላት ነበር።»

አክስቷ ጮኸች። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ እህቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ሰማሽ አይደል?» አለቻት መርማሪዋ። «አንቺ አልገደልሽም።»

«ሰምቻለሁ» አለች ታናሺቱ። ጠዋት ሳትጨርሰው የቀረውን ጥያቄ ግን አሁን ጠየቀች። «ማስታወቂያው ከጠፋ፣ እስከሞተበት ሳምንት ድረስ ለምንድን ነው ‹ነይና አጥፊልኝ› እያለ ሲደውልልኝ የነበረው?»

መርማሪዋ ወደ ተከራዩ ዞረች። ተከራዩ ከበሩ አጠገብ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ነኝ የጫንኩላቸው» አለ። «ላንቺ እንዳልነግርሽ አስማሉኝ። ታዲያ ለምን አሁንም ይደውሉላታል ብላቸው፣ ‹ጠፍቷል ካልኳት ምን ብዬ እጠራታለሁ?› አሉኝ።»

ታናሺቱ ወደ ተከራዩ ቀረብ አለች። «ብመጣስ? ንጹሑን ገጽ ሳይ ምን ሊለኝ ነበር?»

«መንገድ ጀምሬያለሁ ብለሽ ስትደውዪ ወዲያው ማገጃውን እንዳነሳላቸው ተስማምተን ነበር፤ ማስታወቂያው እንደ ድሮው ፊትሽ ላይ እንዲዘልልሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት እንዳልወጣ ይለምኑኝ ነበር።» ተከራዩ ዓይኑን ጠረገ። «አንድ ቀን ‹ለማጥፋት ምን ያህል ይፈጅባታል?› ብለው ጠየቁኝ። አፍታ ነው አልኳቸው። ደስ አላላቸውም። ‹እስቲ ትንሽ የሚያስቸግራት አድርገው፤ እስከ ምሳ የሚያቆያት› አሉኝ።»

ታናሺቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ምርር ብላ አለቀሰች። አክስቷ ልታባብላት ብድግ ስትል መርማሪዋ «ይውጣላት» ብላ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።