ስግደት በጉዛራ

መሪጌታ ህሩይ ከጉዛራ ቤተ መንግሥት ግንብ ሥር በጀርባቸው ወድቀው ሞተው ተገኙ። ከትንሣኤ ወዲህ ሦስተኛው እሑድ ነበር። ጥምጥማቸው ርቆ ተንከባልሏል፤ ከትከሻቸው ላይ የተበጠሰ የቦርሳ ማንገቻ ተጠምጥሟል። ቦርሳው ግን አብሯቸው አልወደቀም።

ኢንስፔክተር ይመኙሽ ከእንፍራንዝ ሽቅብ በእግሯ ስትደርስ፣ ከግቢው ጥበቃ ሌላ የሚጠብቋት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዝማሬ በየእሑዱ ከጎንደር ወደ ጥንታዊ ከተሞች የደርሶ መልስ ጉዞ የምታሰናዳ አስጎብኚ ናት። ሰውአገኝ ሹፌሯ ነው። አያ ዳኛው ደግሞ የጎንደር ቁስቋም ሰፈር ጡረተኛ አስተማሪ፣ የሟች ጎረቤትና የጉዞ ጓደኛ ናቸው። ዐሥራ ሁለት ሰው በሚይዘው ማኪና ዛሬ የተሳፈሩት ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ፤ ያን ሁሉ ባዶ ወንበር ትተው ከኋላ ተጠጋግተው ነው የመጡት። በነገር ሁሉ መቀለድ የሚቀናት ይመኙሽ ይህን ስትሰማ አልቀለደችም።

«ሲወድቁ የት ነበርሽ?» አለቻት ዝማሬን።

«በሩ ላይ፣ ከጥበቃው ጋር።»

ጥበቃው ከወዲያ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«አንተስ?»

«ጎማ ስቀይር» አለ ሰውአገኝ፤ እስከ ክርኑ ግራሶ የጠጣ እጁን እያሳየ። «ደግሞ ጠዋት ከመሪጌታ ጋር ተጨቃጭቀናል፤ ሌላ ሰው ከሚነግርዎ እኔው ልንገርዎ። አርፍደው መጡና ተቆጣሁ። ጠብ ያለሽ በዳቦ ብዬ አይደለም።»

«እርስዎስ፣ አያ ዳኛው?»

ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አላወጡም። «ከላይ ነበርን፣ ልጄ። ከማዶ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ታየው። እሱ ደግሞ ጉልላት ካየ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ቦርሳውን አስቀመጠና ሊሰግድ ጎንበስ ሲል አዳለጠው። ምነው ባልሰገደ!»

«እውነት ነው፤ የትም ብንሄድ እንደዚያ ናቸው» አለች ዝማሬ እያለቀሰች።

ይመኙሽ ወደ ግንቡ ወጣች። ቦርሳው ከጫፉ ሁለት እርምጃ ወዲህ በአፉ ተደፍቷል፤ ወለሉ ደረቅ ነው። በቦርሳው ላይ በቀረው የብረት ዘለበት ትንሽ ደም አለ፤ ግራሶ ግን የትም የለም። ጣና ከሩቅ ያበራል። ብቻዋን የምትኖረው ይመኙሽ እንዲህ ያለውን ውበት ብቻዋን ማየት ከበዳት፤ ቶሎ ወረደች።

ሁሉንም ማኪናው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ሰውአገኝ ግልፍተኛ ነው» አለች። «ግን በዚያ እጁ ነክቶት ቢሆን ቦርሳው ይመሰክርበት ነበር። ዝማሬን ጥበቃው አይቷታል። መሪጌታ ቦርሳውን አስቀምጠው ከነበረ ማንገቻው ከትከሻቸው ላይ ምን ይሠራል? ሊሰግድ ጎንበስ ያለ ሰው በግንባሩ ይወድቃል፤ እሳቸው ግን በጀርባቸው ነው የወደቁት። አንድ ሰው ከፊታቸው ሆኖ ቦርሳውን ጎትቷል፤ እሳቸው ወደ ኋላ ሲስቡ ማንገቻው ተበጠሰ።»

ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ደግሞስ፣ አያ ዳኛው፣ ያለነው በሃምሳው ቀን ውስጥ አይደለም? ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት እንደሌለ መሪጌታ ለስንቱ ተማሪ ሲያስተምሩ ኖረዋል? እርስዎ የዓመቱን ልማዳቸውን ነገሩኝ፤ ወቅቱን ረሱት። ልማዳቸውን እንዲህ አሳምሮ የሚናገር የቅርብ ሰው ብቻ ነው። እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።»

መዳፋቸው በዘለበቱ ተቀዷል።

«ጓዙን ጠቅልሎ አይከል ከተማ፣ ልጁ ዘንድ ሊገባ ነበር» አሉ ዳኛው። «የዛሬው ጉዞ የመጨረሻችን ነው አለኝ፤ ቦርሳውን ያዝሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ልቀቀኝ ቢለኝ አልለቅም አልሁ። ልገድለው አልነበረም። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ እሱ ብቻ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እሑድን ስጠብቅ ነው የምኖረው። እሱ ከሄደ እኔ ማን አለኝ?»

ሰውአገኝ ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ። ይመኙሽ ቁስላቸውን በመሐረብ ጠቅልላ፣ ክንዳቸውን ደግፋ ቁልቁል ወደ ጣቢያ ይዛቸው ወረደች። በጣም አዘነችላቸው፤ ግን ሕግ ሕግ ነው።

መንገድ ላይ ሽማግሌው ቆም አሉ።

«ልጄ፣ እስር ቤት በአንድ ክፍል ስንት ሰው ያድራል?»

«ሃያም ሠላሳም፣ አያ። በጣም ይጣበባል።»

«ሸጋ ነው» አሉ ዳኛው፤ ርምጃቸውንም ፈጠን አደረጉ።