በሩ የተከፈተበት ምክንያት

ቁጥሩ ከአራት ወደ ስድስት ሲዘል ልጅቷ መጀመሪያ የጠረጠረችው የገዛ ዓይኗን ነው። ከመሪው አጠገብ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ የኋላውን ጭነት ሙቀት ታሳያለች፤ ከንጋት ጀምሮ አራት ላይ ችክ ብላ ነበር። አሁን ግን ስድስት አለች፤ ወዲያው ደግሞ ሰባት። መኪናው መንገድ ዳር ቆሟል። አባቷ «ጎማ ልይ» ብሎ ከወረደ ቆይቷል። የማቀዝቀዣው ሞተር ለብቻው ያጉረመርማል፤ ውጭ ፀሐይዋ አስፋልቱን ልታቀልጠው ምንም አልቀራትም።

ከኋላ የተጫነው ቆስጣና ሰላጣ ነው። ቆስጣ ደግሞ እንደ ድንች ቻይ አይደለም፤ በዚህ ሙቀት ትንሽ ከዘነጉት ገበያ የሚደርሰው የተቀቀለ መስሎ ነው። ለዚህ ነው በየግማሽ ሰዓቱ ቁጥሩ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው። ወረርሽኙ ትምህርት ቤቱን ካዘጋ፣ የአባቷም ረዳት ለይቶ ማቆያ ከገባ ወዲህ ይህ ሥራ የእሷ ሆኗል። አባቷ «ጸሐፊዬ» ይላታል። ቀልድ ነፍሱ ነው፤ በወረቀቱ ግን ቀልድ አያውቅም። አንዴ ሰዓት ሳትጽፍ ቁጥር ብቻ ብታሰፍር «ሰዓት የሌለው ቁጥር ወሬ ነው» ብሎ ገጹን ከላይ እስከ ታች አስገልብጧታል።

ዛሬ ግን አንድም ቀልድ አልወጣውም። ቁርሱንም ሳይነካ ነው የተነሳው። እሷም ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጊዜ መስኮት ትከፍታለች፣ አንድ ጊዜ ትዘጋለች። ቁጥሩ ስምንት ሲሆን መቀመጥ አቃታትና ወረደች።

የኋላው በር ገርበብ ብሏል። አባቷ በሳጥኖቹ መሀል ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ አንድ እስር ቆስጣ ግንባሩ ላይ ተጭኗል። ሌላ ቀን ቢሆን ፎቶ አንስታው ለጓደኞቿ ትልክ ነበር።

«አባዬ?»

«ትንሽ ልቀዝቅዝ ብዬ ነው።»

ወጥታ አንገቱን ልትዳስስ እጇን ስትዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸ። «አትንኪኝ፤ ራቅ በይ» አላት። ያኔ መታመሙ ገባት። አባቷም ያውቃል።

በሩን ቆልፎ፣ ማስኩን አስተካክሎ ወደ መሪው ሲመለስ ነገሩን ሁሉ ነገራት፤ የነገራት ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው። ትኩሳቱ የጀመረው ማታ ነው። ከኩርባው በኋላ ኬላ አለ፤ እዚያ ግንባር ላይ የሙቀት መለኪያ ይደግናሉ። ያተኮሰው ሹፌር ወደ ለይቶ ማቆያ ድንኳን ይገባል፤ መኪናው ለተረኛ ሹፌር ይሰጣል። ተረኛ ሹፌር ማለት ደግሞ ለእሱ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ባለፈው ወር አንዱ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ የጓደኛውን ጎመን እንዳለ አጠውልጎበታል። ስለዚህ ግንባሩን ያቀዘቀዘው ኬላውን እስኪያልፉ ብቻ ነው። ጭነቱን አራግፎ ቤቱ ይተኛል፤ በቃ።

«ወረቀቱ ላይ 'ጭነት ለማየት' ብለሽ ጻፊ» አላት።

ወረቀቱ ላይ «በሩ የተከፈተበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። ልጅቷ ዘጠኝ ብላ ቁጥሩን ጻፈች፤ ምክንያቱን ግን ባዶ ተወችው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሰሌዳዋ ቀስ እያለች ወደ ስምንት ወረደች፤ ከዚያም ወደ ሰባት። ቆስጣው ይተርፋል። እሷን ያላስቀመጣት ቆስጣው አልነበረም።

ገበያው ሲደርሱ መጀመሪያ ወደዚያ የጭነት ክፍል ዘሎ የሚገባው ጋሽ ቀስበሉ ነው። የአውራጆቹ አለቃ ሲሆን፣ ስሙን ያወጡለት ቀኑን ሙሉ «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ስለሚል ነው። አምና ሳንባው ታሞ ሦስት ወር ተኝቷል፤ አሁንም ሁለት ሳጥን ካወረደ በኋላ በሩን ይዞ ትንፋሹን ይሰበስባል። በመጣች ቁጥር ብርቱካን ልጦ ግማሹን ይሰጣታል። አባቷ ማስኩን አውርዶ ሲተነፍስበት በቆየው ዝግ ክፍል ውስጥ ገብቶ ሲያለከልክ ታያት።

ምናልባት ሙቀቱ ይሆናል፣ አለች ለራሷ። ምናልባት ድካም ነው። ደግሞ አባቷን ብቻውን ድንኳን ውስጥ አሰበችው። አብራው ስለነበረች እሷም መያዟ አይቀርም። ለእናቷ ምን ብላ ትደውላለች? እስክሪብቶውን ከፈተች፤ ዘጋች፤ ደግማ ከፈተች።

ኬላው ላይ አንዲት የጤና ባለሙያ ከላይ እስከ ታች ፕላስቲክ ለብሳ በላብ ተጠምቃለች። መለኪያውን በመስኮት አስገብታ አባቷ ላይ ደገነች።

«ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሰባት። ደህና ነዎት።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺ ሠላሳ ሰባት ነጥብ አንድ። ከአባትሽ አንቺ ትብሻለሽ» ብላ ሳቀች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «የጭነቱ ወረቀት?»

አባቷ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። ከማስኩ በላይ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«አንድ መስመር ይቀረኛል» አለች ልጅቷ።

ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ጻፈች። እጇ በላብ ስለራሰ ፊደሎቹ ተንጋደዱ። «ሹፌሩ አተኩሶት ሊቀዘቅዝ ገብቶ ነበር።» ወረቀቱን ግን ወደ መስኮቱ አልዘረጋችውም፤ መጀመሪያ ለአባቷ ሰጠችው።

አነበበ። ደግሞ አነበበው። ከኋላቸው የቆመው መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ባለሙያዋ «ምነው?» አለች። ልጅቷ ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች፤ ወረቀቱን ይቀድደዋል ብላም ፈራች።

«ሰዓቱን ረስተሻል» አላት።

ወረቀቱን መለሰላት። አምስት ሰዓት ከሃያ ብላ ጻፈች። ከግርጌው ላይ፣ ተረኛው ሹፌር ማንም ይሁን ማን እንዲታየው፣ በትልልቁ «ማቀዝቀዣው እንዳይጠፋ» ብላ ጨመረችና በመስኮቱ አሳልፋ ሰጠች።