አሥራ አንድ ጊዜ «ይሁን»

የስፌት ቤቱ መሥራች፣ ባለ መነጽሩ አያት፣ ጠማማ ስፌት ከደጃቸው አላስወጡም፤ «ሚዛን» ይባሉ የነበሩት ልጃቸውም የኮሌታን ሁለት ጫፎች ሳያስተያዩ እጅጌ አያስነኩም ነበር። ዛሬ በእነርሱ ወንበር የተቀመጡት የልጅ ልጅ፣ ሠልጣኞች «እትዬ» የሚሏቸው ሴት፣ አሥራ አንደኛውን ኮሌታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው አገላበጡት፤ በአውራ ጣታቸውም ዳበሱት።

«ይሁን» አሉና ከአሥሩ አጠገብ ሰቀሉት።

ኮሌታውን የሰፋችው የአሥራ ስድስት ዓመቷ ሠልጣኝ ወሽመጧ ቁርጥ አለ። በልጅቱ ቤት «ይሁን» የሚባለው ብርጭቆ ሲሰበር፣ «ምን ይደረግ» ለማለት ነው። ሥልጠናውን ከጀመረች ወር ሆኗታል። መጀመሪያ ሰሞን በሩ ሳይከፈት ትደርስ ነበር፤ አሁን ግን መርፌ ላይ ክር ማስገባት እንኳ ዳገት ሆኖባታል። ሽርጧን ፈታች፤ ሜትሩንም ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እትዬ፣ ከነገ ጀምሮ አልመጣም።»

«ምነው ልጄ? ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም፤ ያስከፋኝ እሱ ነው እኮ! ሥራዬን ባሳየሁዎ ቁጥር ‹ይሁን›። ካልረባሁ አትረቢም ይበሉኝና ልረፍ።»

ከወዲያ ጥግ ልብስ ተኳሹ አዛውንት ካውያቸውን አቁመው በሳቅ ፈረሱ።

«አንቺ ልጅ፣ ስንት ጊዜ ነው ያለችሽ?»

«አሥራ አንዴ።»

«ወይ ጉድ! እኔ ስፌት ስማር አባቷ ‹ይሁን› ያሉኝ ሁለቴ ነው። ሁለቴ! ቢቸግረኝ እኮ ነው ካውያ የያዝሁት።»

እትዬ ግን አልሳቁም። «በዚህ ቤት ‹ይሁን› ማለት ‹ለደንበኛ ይሁን› ማለት ነው» አሉ። «አያቴ ከዚያ የበለጠ ምስጋና አያውቁም ነበር። የማይሆነውንማ ዝም ብለን እንተረትረዋለን። ያንቺን ስተረትር አይተሻል?»

ልጅቱ አሰበች። አንድም አልተተረተረም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳልነግርሽ የምታውቂ መስሎኝ።» ኮሌታውን ከመስቀያው አወረዱት። «ነይ እይው። ጫፎቹ እኩል ናቸው፤ ስፌቱም አልተኮማተረም። እዚህ አንገቱ ጋ ብቻ ትንሽ ስበሽዋል። ገባሽ?»

ገባት። በረጅሙ እፎይ አለች። ሜትሩን አንሥታ አንገቷ ላይ ጣል አደረገችና ሽርጧን መልሳ እያሰረች፣ አሥራ ሁለተኛውን ቁራጭ ወደ ራሷ ሳበችው።

«እኔ ደግሞ ብርጭቆ የሰበርሁ መስሎኝ ነበር እኮ» አለች አቀርቅራ። «ተሳስቻለሁ፣ እትዬ።»