ማግኔት ያልሳበው

«እዚያው ሁኚ! እንዳትጠጊ» አላት የድንቢጥ የአክስት ልጅ፣ በኮምፒውተሩ ሣጥን ላይ እንደጎነበሰ። «አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ማዘርቦርዱ ውስጥ ከገባች ሾርት አድርጋ ታቃጥለዋለች። ከዚያ በኋላ ጸሎት ብቻ ነው።»

«ማዘርቦርዱን ገና ከካርቶኑ አላወጣኸውም እኮ።»

«ከአሁኑ ላስለምድሽ ብዬ ነው።»

በብየዳ ቤቱ ከጎናቸው የቆመው አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ አንጀቷን አቃጠላት።

አባቷ በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ወደ ብየዳ ቤቱ ብቅ ባለች ቁጥር «ድንቢጥ፣ ዐይንሽን! ውጪ!» ይላታል። የተፈቀደላት ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ማታ ማታ ወለሉን መጥረግና የወደቀውን ብሎን በማግኔት መልቀም። የአክስቷ ልጅ ግን ለትምህርት እነሱ ቤት ከመጣ ገና ወር ሳይሞላው ድሪሉም መነጽሩም እጁ ገቡ። ስሙም «ኢንጂነር» ሆነ።

ሣጥኑ አንድ ደንበኛ የጣለው አሮጌ ነው። ፊት ለፊት የነበረው የዲስክ መደርደሪያ ለአዲሱ ፋን ቦታ ስለከለከለ፣ «ኢንጂነሩ» መደርደሪያውን አጣብቀው የያዙትን ሪቬቶች፣ ትንንሾቹን ማያያዣ ምስማሮች፣ አንድ በአንድ በድሪል እየበሳ ነቀለው። ዋናው ሰሌዳ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ግን አዲስ ናቸው። እናቱ ስንት ጊዜ «ቆይ» ስትለው ከርማ በመጨረሻ የገዛችለት ናቸው። ቢቃጠሉ ሌላ የሚገዛ የለም።

አሁን ማግኔቱን በፌስታል ጠቅልሎ በሣጥኑ ውስጥ ቀስ እያለ አዞረው። ጥቁሩ ፍቅፋቂ እንደ ድመት ፀጉር ቆሞ ተለጠፈ። ፌስታሉን ገልብጦ ሲያወጣው ቆሻሻው ሁሉ ውስጡ ቀረ።

«አየሽ? ሥራ ማለት ይሄ ነው!» አለ አባቷ። «ይህን ሁሉ ዘመን ስበይድ ይቺ ለእኔ አልታየችኝም!»

ድንቢጥ ዘዴውን ታውቀዋለች። እሷ ማግኔቱን በካልሲ ነበር የምትጠቀልለው፣ ገና ሕፃን ሳለች። ያየላት አልነበረም እንጂ።

በዚህ መሐል አንድ ደንበኛ ከውጭ ተጣራና አባቷ ወጣ። ያኔ ነው ያየችው። በሣጥኑ የታችኛው እጥፋት ሥር ብርማ ጥቅልሎች ተሰግስገዋል። ማግኔቱ በላያቸው ሁለቴ አልፎ ነበር፤ ንቅንቅ አላሉም። ወዲያው ገባት። ሣጥኑ ብረት ነው፣ ሪቬቱ ግን አሉሚኒየም። አሉሚኒየም ደግሞ ማግኔት ቢለምነውም አይመጣም፤ ሾርት ግን እንደ ብረት ያደርጋል።

አፏን ከፈተች።

«ጽድት ብሏል!» አለ የአክስቷ ልጅ እጁን እያራገፈ። «ድንቢጥ፣ እስኪ ውሃ አምጪልኝ።»

አፏን ዘጋች። ውሃውን አመጣች። እሱም ማዘርቦርዱን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን አቅፎ ሣጥኑ ውስጥ አስተኛውና በብሎን አሰረው።

ምሳ ላይ አባቷ ለእህቱ ደውሎ «የልጅሽ እጅ ወርቅ ነው፣ ወርቅ!» ሲል ሰማች። ጉርሻዋን ወደ ሳህኑ መለሰች። ይቃጠል፣ አለች በልቧ። ያ ጥቁር ስክሪን፣ ያ የፕላስቲክ ሽታ፣ «ኢንጂነር» ማለት ድንገት አፉ ላይ የሚቀርበት አባቷ፣ ሁሉም ታያት። ሐሳቡ ከምላሷ ሥር እንደ ደበቀችው ከረሜላ ጣፈጣት። እሷ ምንም አላደረገችም። ዝም ማለት ምን ኀጢአት አለው?

ከምሳ በኋላ ሣጥኑን ሲያቆሙት አንዲት ነገር ከማዘርቦርዱ ጀርባ ሽር ብላ ወረደች። ከእሷ በቀር የሰማ የለም።

የአክስቷ ልጅ ገመዱን ሶኬቱ ላይ ሰካ። ጣቱን ወደ ማብሪያው አስጠጋ፣ መለሰው፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሲቀልድ የዋለው ልጅ አሁን ከንፈሩ ደርቋል።

«እማዬ ስልኳን ይዛ እየጠበቀች ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ካልበራ ምን እላታለሁ?»

ድንቢጥ አየችው። ቅናቷ አልሄደም፤ እዚያው ደረቷ ላይ ተቀምጦ ነበር። ብቻ ከረሜላው መረራት። ጎንበስ ብላ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው።

«ኧረ አትፎግሪ!»

«ሪቬቱ አሉሚኒየም ነው» አለች። «ማግኔት አይስበውም። ውስጡ ቀርቷል።»

አባቷ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ወይ እኔ! ምኑን በያጅ ሆንኩት!»

ሣጥኑን በጋዜጣ ላይ አዘንብለው ቀስ ብለው መቱት። አንዲት ብርማ ጥቅልል ጠብ አለች። ሁለተኛዋም ተከተለች። ሌሎቹ አልወጡም፤ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ተሸጉጠዋል።

የአክስቷ ልጅ ጥቅልሏን በጣቱ አንስቶ አገላበጣት። ከዚያ ቀና ብሎ ድንቢጥን አያት። «መቼ አየሽው?»

አባቷም ዞሮ አያት። «አሁን» ማለት ቀላል ነበር። ማንም አይጠይቃትም። እንዲያውም ትመሰገናለች።

«ማዘርቦርዱን ሳታስገባ በፊት» አለች።

የአክስቷ ልጅ ጥቅልሏን ጋዜጣው ላይ ጣላት። አባቷ ጋዜጣውን አጣጠፈው።

«አንቺ ልጅ…» አለ የአክስቷ ልጅ። ስልኩን አውጥቶ መብራቱን አበራና ዘረጋላት። «በይ፣ ከሥር ጀምሮ ይፈታል። ያዢልኝ።»

ስልኩን አልተቀበለችውም። ከጠረጴዛው ላይ ካቻቢቴውን አነሣች።

«አንተ ያዝ» አለች። «እኔ እፈታዋለሁ።»

አባቷን ቀና ብላ አላየችም። የአክስቷ ልጅ መብራቱን ከማዘርቦርዱ ጥግ ላይ አሳረፈ።

«እናትህን ትንሽ ጠብቂ በላት» አለች፣ የመጀመሪያውን ብሎን እያዞረች።