የነጩና የሰማያዊው ዶንግል ጠብ

መዝገበ ቃላት አዘጋጁ የሞተው የሥራ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ግንባሩ ጠረጴዛው ላይ አርፏል፣ በቀኙ ባዶ የልብ መድኃኒት ብልቃጥ አለ፣ ከፊቱ ላፕቶፑ እንደተከፈተ ነው። እህቱ ከገበያ ተመልሳ አገኘችውና ጮኸች፤ ጎረቤቱም ተሰበሰበና እንደ ልማዱ ከሐዘኑ በፊት ምክንያቱን ጠየቀ።

ምክንያቱ ስክሪኑ ላይ ተጽፏል። ረፋድ አራት ተኩል ላይ ከሟቹ ኢሜይል ለአንድያ ሴት ልጁ የተላከ ነው።

«ልጄ፣ ትናንት የተናገርሽኝ ቃል አጥንቴ ድረስ ገባ። መኖር ሰለቸኝ። ይቅር በይኝ።»

ልጅቱ ይህን ሥራ ቦታዋ ሆና ዘግይታ፣ በምሳ ሰዓት አንብባ እየሮጠች መጣች። ከዚያ በኋላ አንድ ጥግ ተቀምጣ ዓይኗ ደርቆ ቀረ፤ እንባ እንኳ እንቢ አላት።

ፖሊሶቹ «ራሱን አጠፋ» ብለው መዝገቡን ሊዘጉ ሲሉ ወይዘሮ ለምን ደረሰች። መርማሪዋን በስሟ የሚጠራት የለም። «ለምን?» ማለት ስለምታበዛ ባልደረቦቿ ያወጡላት ቅጽል ነው፤ እሷም ሹመት እንደተሰጣት ቆጥራ ተቀብላዋለች። ደብዳቤውን አንድ ጊዜ ብቻ አነበበችና ጎንበስ ብላ የላፕቶፑን ጎን ማየት ጀመረች። ነጭ የኢንተርኔት ዶንግል፣ ሲም ካርድ የሚገባበት ትንሽ መሰኪያ፣ ተሰክቷል። ሰማያዊ ዶንግል ደግሞ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ተጥሏል።

«ትናንት ምን ብለሽው ነው?» አለች ወደ ልጅቱ ዞራ።

«ፈሪ ነህ አልኩት። ሃያ ዓመት የለፋህበትን መጽሐፍ አርታኢው በስሙ ብቻ ሊያሳትመው ነው፣ አንተ ዝም ትላለህ፣ ፈሪ ነህ አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም። ‘በል ሂድ፣ ከሥራ ትዘገያለህ’ ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ለምን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ አንዲት ቃል ጻፈች። ምን እንደሆነች ለማንም አላሳየችም።

የሟቹ እህት ኩሽና ውስጥ ቆማ ሁሉንም በጎሪጥ ታያለች።

«እኔ የምጠረጥረው ያንን ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው» አለች። «ትናንት ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።»

«ዛሬ ወንድምዎ ለማን ደወለ?»

«በምን ይደውላል? የኔ ስልክ ተበላሽቶ የሱን ይዤ ወጣሁ። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ከኔ ጋር ነበር፣ ማንም አልደወለበትም። ሻይ በቴርሞስ ትቼለት ሄድኩ።»

«እነዚህን ሁለት ብርጭቆዎች ያጠቡት እርስዎ ነዎት?»

ሴትየዋ ብርጭቆዎቹን አየቻቸው። «አይደለሁም። ወንድሜም አይሆንም፤ በዕድሜው ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም» አለች። ልትስቅ ብላ አለቀሰች።

ጠጋኙ ተጠርቶ መጣ።

«ትናንት ፊትህ ለምን ጠቆረ?»

«ሳልሠራ ስለተመለስኩ ነዋ! ሰማያዊው ኔትወርክ አልይዝ ሲላቸው ከሌላ ድርጅት ነጩን ገዙ። ጋሼ፣ አልኳቸው፣ እያንዳንዱ ዶንግል የራሱን ፕሮግራም ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱ አንድ ላፕቶፕ ላይ ከሆኑ እንደ ጣውንት ይጣላሉ። አሮጌውን ፕሮግራም ካላጠፋነው አዲሱ አይሠራም።»

«እሺ አለ?»

«እንዴት ተደርጎ! የሟች ባለቤታቸው መልእክቶች እዚያ ፕሮግራም ውስጥ ናቸው። ‘የሷን ቃል ከምታጠፋ ኢንተርኔቱ ይቅር’ ብለው ቆጡኝ። ነጩን ከነካርቶኑ ትቼ ወጣሁ፣ ማሸጊያው እንኳ አልተቀደደም።»

መርማሪዋ ላፕቶፑን ወደሱ አዞረች። ጠጋኙ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገና ላብ አጠመቀው።

«አሮጌው ፕሮግራም የለም። ዛሬ አራት ከሩብ ላይ ጠፍቷል።»

«አላልኳችሁም!» አለች የሟቹ እህት ከበሩ።

«እኔ ሱቄ ነበርኩ!»

«ማን አየህ?»

«ብቻዬን ነበርኩ» አለ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ተተከለ።

አርታኢው የመጣው ጥቁር ልብሱን ለብሶ ነው። ልጅቱን አቅፎ አጽናና፣ ከዚያ መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ አሳለ።

«ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣሁ አብረን እንሠራ ነበር። ዛሬ ግን ጉንፋን ይዞኝ ቀረሁ። መጥቼ ቢሆን…»

«ከእሱ ጋር መቼ ተነጋገራችሁ?»

«ያለፈው ማክሰኞ ነው። ያኔም ተስፋ ቆርጦ ነበር። የዛሬው ደግሞ ባሰበት። ያ ነጭ ዶንግል ‘መሣሪያው በሌላ ፕሮግራም ተይዟል’ እያለ እንቢ ሲል ደህናውንስ ሰው አያስመርርም?»

«ያስመርራል እንጂ» አለች ወይዘሮ ለምን፣ ከልቧ እንዳዘነች ሁሉ። ስታዝን የሚያውቋት ፖሊሶች ወደ በሩ ጠጋ አሉ።

አመሻሹ ላይ አራቱንም ሟቹ ይሠራበት በነበረው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጎን ለጎን ሊቀመጥ የፈለገ አልነበረም።

«የመጀመሪያው ለምን» አለች። «የሚስቱ ቃል እንዳይጠፋ ጠጋኙን በቁጣ የመለሰ ሰው፣ በማግስቱ ያንኑ ፕሮግራም ለምን ያጠፋል? አያጠፋም። ያጠፋው ሌላ ሰው ነው። ሰማያዊው ኔትወርክ የለውም፣ ስልኩም ቤት አልነበረም፤ ያ ሰው ግን በሟቹ ስም ኢሜይል መላክ ነበረበትና ነጩን ለማሠራት አሮጌውን ፕሮግራም አጠፋ።»

«ጠጋኙ ነዋ!» አለች እህቱ።

«ጠጋኙ ቢሆን የጠፋበትን ሰዓት ራሱ አንብቦ አይነግረኝም ነበር። ሁለተኛው ለምን፤ ሁለት ብርጭቆ ለምን ታጠበ? ሻይ የጠጡት ሁለት ናቸው፣ መድኃኒቱም የሟሟው በሻዩ ውስጥ ነው። ሦስተኛው።» ወደ አርታኢው ዞረች። «ነጩ ዶንግል ትናንት በካርቶን ታሽጎ ነበር። ‘በሌላ ፕሮግራም ተይዟል’ የሚለው ጽሑፍ የሚወጣው ሲሰካ ነው። ሊወጣ የሚችለውም ዛሬ ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ጉንፋን ይዞዎት ቤትዎ የተኙት ሰው እንዴት አነበቡት?»

አርታኢው ማሳሉን ረሳ። «ጠጋኙ… በር ላይ ነግሮኝ ይሆናል።»

«እኔ እርስዎን አሁን ነው ያየሁት!» አለ ጠጋኙ።

«አራተኛው የመዝገበ ቃላት ሰዎች ጉዳይ ነው» አለች መርማሪዋና ደብተሯን ገለጠች። ገጹ ላይ ‘ሂድ’ የሚል ቃል ብቻ አለ። «አባትሽ ሲጠራሽ አንቺ ይልሽ ነበር?»

ልጅቱ ቀና አለች። «አባዬ? በፍጹም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሲያቆላምጠኝ አንተ ነበር የሚለኝ። ሲቆጣም እንኳ…» ስክሪኑን አየች። «‘የተናገርሽኝ’… ‘ይቅር በይኝ’… ይሄ የሱ አይደለም!»

«አባትሽ ከሻዩ ጋር ስለ ጠባችሁ ለአርታኢው አጫውቶት ይሆናል። እንዴት እንደሚጠራሽ ግን ለማንም አይነገርም።»

ጠጋኙ በዚህ መሃል ሰማያዊውን ዶንግል ሰክቶ ፕሮግራሙን መልሶ ጭኗል። «መልእክቶቹ ያሉት ሲም ካርዱ ላይ ነው» አለ ዝግ ብሎ። «ፕሮግራሙ ማሳያ ብቻ ነው። ትናንት ቢያስጨርሱኝ ልነግራቸው ነበር። የእናትሽም አልጠፉም። አንድ ያልተላከ ደግሞ አለ፣ የዛሬ ጠዋት ነው።»

ልጅቱ ጮክ ብላ አነበበችው።

«‘ልክ ነህ የኔ ልጅ። ዛሬ ሲመጣ ስሜን እንዲጽፍ እጠይቀዋለሁ። ድፍረቱን የሰጠኸኝ አንተ ነህ። ምሳ አብረን እንብላ፣ አትቅር።’»

አርታኢው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ስሙን ብቻ ነበር የጠየቀኝ» አለ፤ ፖሊሶቹ ክንዱን ሲይዙትም ይህንኑ ይደጋግም ነበር።

ልጅቱ አልሰማችውም። መዳፏን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ «እሺ አባዬ፣ መጣሁ» አለች፤ ከቀትር ጀምሮ እንቢ ያላት እንባም መጣላት።