ከወንዙ ማዶ የተቃጠለው ሐኪም ቤት

ታላቁ ጦርነት ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በ1911 ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር፣ የወደቢቱ ከተማ ጎዳናዎች በጠራራ ፀሐይ ጭር ብለው ነበር፤ ከወታደሮች ጋር በመርከብ የገባው የሳንባ ትኩሳት ገበያውንና ቴአትር ቤቱን አዘግቶ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ በመስኮት ብቻ ይነጋገር ነበር።

በዚያ ዘመን በማተሚያ ቤት ከእርሳስ የተቀረጹ ፊደሎችን ለኅትመት እየለቀመ በመደርደር ሠላሳ ዓመት የኖረ አንድ ሰው ነበረ። ከእናቱ ሞት በኋላ እንደ አባት ያሳደገው ታናሽ ወንድሙ በአንድ ስውር ማኅበር ምሎ ገብቶ፣ ባለፈው ዓመት በቴአትር ቤቱ በር ቦምብ ወርውረው ሰባት ነፍስ ካጠፉት አንዱ ሆኖ ነበር። ለቃሚው ይህን ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን በእጁ ያጎረሰውን ልጅ ለስቅላት ገመድ አሳልፎ መስጠት አልሆነለትም።

ወረርሽኙ ማኅበሩን ሥራ ያስፈታው መስሎ ነበር፤ ሰው ካልተሰበሰበ ቦምብ በማን ላይ ይወረወራል?

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ወንድምየው አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ማተሚያ ቤቱ ገባ። ሚስቱን ከቀበረ አምስተኛ ቀኑ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህችን ይልቀሙልኝ» ብሎ አንዲት ወረቀት ዘረጋ። ወረቀቷ በሽታውን የዘሩት ከወንዙ ማዶ የሰፈሩት ስደተኞች ናቸው፤ እዚያ የተከፈተው የትኩሳት ሐኪም ቤትም የመርዝ ማብሰያ ነው ትል ነበር።

«ይህን በዓይኑ ያየ ማን ነው?» አለ ለቃሚው።

«ማየት ምን ያደርጋል? ሰዉ ‹ማን ፈጀን?› እያለ ነው፤ መልስ የሚሰጠው አጥቷል።»

«ቦምቡስ?»

«እሱን ትተነዋል። በእናታችን አጥንት!»

ለቃሚው እፎይ አለ። ልጁ ከባሩድ ወደ ቀለም መመለሱን እንደ ንስሓ ቆጠረለት፤ ወረቀት ሰው አይገድልም፣ ሐዘኑም ይውጣለት ብሎ፣ ፊደሎቹን ከየሣጥናቸው ለቅሞ አምስት መቶ ቅጂ አወጣለት።

በሦስተኛው ቀን፣ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ከደጃፉ መውጣት ይፈራ የነበረ ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ድልድዩን ተሻግሮ የሐኪም ቤቱን በር ከውጭ ቀርቅሮ ጋዝ አርከፈከፈበት። አሥራ አንድ ሕሙማንና ጥያቸው አልወጣም ያለች አንዲት አስታማሚ ነደዱ። ከማኅበሩ ሰዎች አንድም በአካባቢው አልታየም።

ለቃሚው ወደ ወንድሙ ቤት ሮጠ፤ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ አገኘው።

«ጋሼ፣ እኛ ክብሪት አልጫርንም እኮ» አለ ወንድምየው፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«እኔ ነኝ የጫርኩት» አለ ለቃሚው። ውኃ አጠጣው፤ ብርድ ልብስ ደረበለት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጸጥታው ሹም ሄዶ ስለ ወረቀቷ የሆነውን ሁሉ ተናገረ።

ሹሙ ከሩቅ ቆመው አዳመጡት። «ስማ፣ በየቀኑ ሁለት መቶ ሰው እቀብራለሁ፤ ለወረቀት የሚሆን ችሎትም ዳኛም የለኝም። ቦምብ የወረወረ ሰው ካወቅህ ግን ንገረኝ» አሉት።

«ወንድሜ ነው፣ ጌታዬ» አለ ለቃሚው። «ግን እኔንም እሰሩኝ።»

ወንድሙን በቃሬዛ ወሰዱት፤ ለፍርድ ሳይቀርብ በስድስተኛው ቀን በወህኒ ቤት ሞተ። ለቃሚውን ግን ማንም አልነካውም፤ ወደ ቤቱ አሰናበቱት። ፊደል ዳግመኛ አልለቀመም፤ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ለስደተኞቹ ሕሙማን ውኃ እየቀዳ፣ ማንነቱን ያወቁት ሲተፉበት ምራቁን እየጠረገ ኖረ።

የከተማው መዝገብ የእነዚያን አሥራ ሁለት ሰዎች ስም «በትኩሳት ያረፉ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ አስገባው። የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንትም፣ መዝገቡን አምነው፣ በዚያ ዓመት በወረርሽኙ ምክንያት ሽብር ከከተማይቱ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር ብለው ጻፉ።